አባባ ያልበሉት ኦክቶፐስ

አምፓሲማንጋ፣ ሐምሌ 5

ለተወደድሽው አክስቴ ሶአዛራ፣

እንደምን ሰንብተሻል? እግርሽስ? እኛ ደህና ነን። እናቴ ደህና ናት፤ አያቴ አባባ ደህና ናቸው፤ ታንኳው ደህና ነው። አንዲት ፍየል ግን ደህና አይደለችም፤ የሷን ነገር ኋላ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽን የጭነት መኪናው ረዳት ከብብቱ አውጥቶ ሰጠኝ። በላብ ርሷል፤ ግማሹን በግምት ነው ያነበብኩት። ያልመለስኩልሽ ጥያቄ ካለ ጥፋቱ የረዳቱ ብብት ነው። ወረቀቱን ካነበብኩት በኋላ እጄን ሁለት ጊዜ ታጥቤያለሁ።

አዎ፣ ባሕሩ በሸሸ ቁጥር እስከ ተዘጋው የኦክቶፐስ ዓለት፣ እስከ ቫቱቤ ድረስ እሄዳለሁ። አዎ፣ አንቺ የተከልሻቸው ባንዲራዎች አራቱም ቆመዋል። የአንዱን ጨርቅ ነፋስ ስለበላው የእናቴን አሮጌ ቀሚስ ቀድጄ ሰቀልኩበት፤ አሁን ባለአበባ ነው። ኧረ ድንጋይ እየገለበጥኩ አላይም፤ እንዳስተማርሽኝ ከባንዲራው ወዲህ ቆሜ በየጉድጓዱ አፍ ኦክቶፐስ በልቶ የከመረውን ቅርፊት ብቻ እቆጥራለሁ። ቅርፊቱ ትኩስ ከሆነ ኦክቶፐሱ ቤቱ አለ ማለት ነው። ባለፈው ሳምንት ሃያ ሦስት ቤት ትኩስ ነበር። የሚያስቀና ሠፈር ነው። ከእኛ መንደር ይሻላል፤ ቢያንስ ጥራጊያቸውን ደጃፋቸው ላይ ያወጡታል።

«ሽማግሌዎቹ ጸንተዋል ወይ?» ብለሻል። ጸንተዋል፣ በተለይ ምላሳቸው። ባንዲራ ስትተክዪ ያ ድንጋይ መሳይ ዓሣ ስለወጋሽ የመዝጊያውን ቀን አላየሽም። አባባ በአያቶች ምሰሶ ሥር ቆሙ፤ አዲሱን ሽርጣቸውን አሸርጠዋል። አረቄውን ለአያቶች ጠብታ፣ ለራሳቸው ጉንጭ ሙሉ እያደረጉ መሐላውን አሰሙ፤ «ከቀኑ በፊት ከቫቱቤ የወጣ ኦክቶፐስ የቀመሰ ሆዱ እንደ ሸራ ይነፋ። የሱ ብቻ አይደለም፤ የቤተሰቡም፣ የውሻውም።» ጥሩ አባባል ነው። ውሻውን የጨመሩት ሦስተኛው ጉንጭ ላይ ነው።

አሁን ወደ ፍየሏ። ባለፈው ማክሰኞ እትዬ ሃሪሶአን ከባንዲራው ማዶ አየናት ብለው ሮቃው ዛፍ ሥር አቆሟት። ባሏን ባሕር ከወሰደው ወዲህ የምትበላውን ከአሸዋ እየቃረመች እንደምትኖር አንቺም ታውቂያለሽ።

«ዘንግ ይዘሽ ነበር» አሏት አባባ።

«ስሄድ ዘንግ እይዛለሁ፤ ጉልበቴ ነው።»

«ቅርጫትሽስ?»

«ቀንድ አውጣ ነው። ይኸው እዩት።»

ሽማግሌ ላሂኒሪኮ አንገታቸውን አስግገው ቅርጫቱን አዩና «ይሄ ቀንድ አውጣ ከማዶ ነው ከወዲህ?» አሉ።

«አገሩን አልጠየቅሁትም» አለች።

ሰው ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ግን ሲሳቅባቸው አይወዱም። ዲናው፣ ያ በአውራ ጣት አሻራ ያጸናችሁት ሕግ፣ ፍየል ይላል፤ ያላት ደግሞ አንዲት ፍየል ነበረች፣ ያቺ ጆሮዋ የተሰነጠቀው። እኛ ቤት ታረደች፣ እኛ ቤት ተቀቀለች፣ ዳኞቹ በሏት። አባባ አጥንቷን ሲመጥጡ የሰማሁት ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። ሾርባው ጨው አልነበረውም። እናቴ «ትናንት የጨው ማሰሮው ሙሉ ነበር» እያለች ጎረቤቱን ሁሉ ትጠረጥራለች።

የእህትሽ ልጅ፣
ፊታሂያ


ቱሊያራ፣ ሐምሌ 13

ፊታሂያ ልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ ስቄ ነርሷ ሮጣ መጣች፤ የሚያመኝ መስሏት ነው። እግሬን ለጠየቅሽኝ፣ ሐኪሙ ሁለት ጣት ቆርጦ ሌላውን አተረፈልኝ። ይህን ለእናትሽ አትንገሪ፤ «እያገገመች ነው» በያት። ከነሐሴ መጨረሻ በፊት ከዚህ አልወጣም።

«ያጸናችሁት ሕግ» ላልሽኝ፣ ፍየል ብዬ ያስጻፍኩት እኔ አይደለሁም። የባሕር አማካሪ ሥራ መጠየቅ ነው። «ምን ብታደርጉ ለሰው ይከብደዋል?» ብዬ ጠየቅኋቸው፤ እነሱ ፍየል አሉ። እኔ ብጽፈው የኔ ሕግ ይሆናል፤ የኔን ሕግ ደግሞ ማንም አይጠብቀውም። ለእትዬ ሃሪሶአ አዝኛለሁ። ግን ከዚህ ሆኜ ምንም ማድረግ አልችልም።

ለምን እንዲህ እንደምጨነቅ ደግሜ ልንገርሽ። የዛሬ ሦስት ዓመት ቫቱቤ ሊከፈት ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰዎች ገቡበት። የወጣው ኦክቶፐስ ቡጢ አያክልም ነበር፤ ኦክቶፐስ ሰብሳቢው ነጋዴ የመኪናውን ሞተር እንኳ ሳያጠፋ ተመለሰ። ዘንድሮ ሽማግሌዎቹ እሺ ያሉኝ «አንድ ጊዜ፣ የመጨረሻ» ብለው ነው። ጨረቃ እስክትጨልም፣ እስከ ነሐሴ 20 ከጸና የአምስቱ መንደር ሽማግሌዎች መጥተው ያያሉ፤ እነሱም ይዘጋሉ። ካልጸና ቫቱቤን ዳግመኛ የሚዘጋው የለም፤ ከዚያ ወዲያ አንቺም ልጆችሽም የምትወጉት ባዶ ድንጋይ ነው። ይህን በልብሽ ያዢው።

ስለ ሽማግሌዎች ስትጽፊ ደግሞ እጅሽን ሰብሰብ አድርጊ። ደብዳቤ ብዙ ብብት ያልፋል።

አክስትሽ ሶአዛራ


አምፓሲማንጋ፣ ሐምሌ 22

አክስቴ ሶአዛራ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። መኪናው አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሮ ነው ብዬ ልዋሽሽ አስቤ ነበር፤ ግን ሁለት ጊዜ መጥቶ ሄዷል። ምን እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

ለእናቴ «እያገገመች ነው» አልኳት። «ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?» አለችኝ። ሽንኩርት አልኳት። ቤታችን ሽንኩርት ከገባ ወር አልፎታል።

ከዚያ ቀጥለሽ በላክሽው ሌላ ደብዳቤ ስለ አባባ ጤና ጠይቀሻል። ጤናቸው ደህና ነው፤ የታመመው ቤታቸው ነው። ይገማል። መጀመሪያ አይጥ ሞቶ ነው ብዬ ጥግ ጥጉን ጠረግሁ። ቀጥሎ ሽርጣቸው ነው ብዬ አጠብኩት። ከዚያ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ራሳቸው ናቸው ብዬ አሰብኩ። ሽታው ጉሮሮ ላይ ይቀመጣል፤ ውሃ ስትጠጪ አብሮ ይወርዳል። እራቴን ስበላ ሩዙ ራሱ እሱን እሱን ይለኛል።

«አባባ፣ ምንድነው የሚሸተው?» አልኳቸው።

«ባሕሩ ነው።»

«ባሕሩ በእኛም ደጃፍ ነው ያለው። እኛ ጋ እንዲህ አይሸትም።»

«ድመቷ ናት።»

«ድመቷ ቤትዎን ጥላ ከወጣች ስድስት ቀኗ። ከእናቴ አልጋ ሥር ነው የምትተኛው።»

ትንሽ አሰቡ። «እንግዲያው ላሂኒሪኮ ነው» አሉ። «ትናንት እዚህች ቁጭ ብሎ ነበር።»

ወግ ነውና ማንም አይናገርም፤ የሽማግሌን ቤት ሸተተ ማለት አያቶችን ሸተቱ ማለት ነው። ስለዚህ የመንደሩ ሰው አሁን ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይቶ ነው «እንደምን አደሩ» የሚላቸው። ድሮ እጃቸውን የሚስመው ሁሉ ዛሬ ከሩቅ ጎንበስ ይላል። አባባ ክብራቸው የጨመረ መስሏቸው ይኩራራሉ። ዝንብ ብቻ ነው ወግ የማያውቀው። ዝንቦቹ ያንን የአያቶች ልብስ የሚቀመጥበትን ሣጥን ከበው እንደ ስብሰባ ተቀምጠዋል። ከሽማግሌዎቹ ስብሰባ የሚለዩት ሁሉም አንድ ሐሳብ ስላላቸው ነው።

ትናንት እዚያ ስጠርግ አንድ ነገር አየሁ። ምን እንደሆነ አልጽፍልሽም። «ከተዘጋ ወዲህ ቫቱቤ የገባ አለ ወይ?» ለሚለው ጥያቄሽም ዛሬ መልስ የለኝም። መልስ የለኝም ማለት አላውቅም ማለት እንዳልሆነ ይገባሻል። እትዬ ሃሪሶአን መንገድ ላይ ሳገኛት ዓይኗን ማየት አቅቶኝ ጫማ እንደሌለኝ እያወቅሁ ጫማዬን እንደማስር ጎንበስ አልኩ።

ስለ እግርሽ ጻፊልኝ። የቀሩትን ጣቶች ሰላም በያቸው።

ፊታሂያ


አምፓሲማንጋ፣ ሐምሌ 30

አክስቴ፣

ሦስት መስመር ብቻ የጻፍሽው ደረሰኝ። እሺ። «ስሙን መጻፍ ከከበደሽ ስንት እጅ እንዳለው ጻፊ» ብለሻል። ሃምሳ ስድስት እጅ አለው። ራሱ ሰባት ነው። የሚኖረው በአባባ ሣጥን ውስጥ፣ ከአያቶች ልብስ ሥር ነው።

ዓሣ ግማቱ ከአናቱ ይባላል። ኦክቶፐስ ደግሞ ሁለመናው አናት ነው፤ እንግዲህ አስቢው።

ሰባቱም በቆርቆሮ ሳፋ ውስጥ ናቸው። ቆዳቸው ተገሽልጧል፤ ሥራቸው ያቆረው ውሃ እንደ ቀዘቀዘ ሙቅ ይጎተታል። ትሉን አልነግርሽም። ሊያደርቋቸው ፈልገው ጨው ነስንሰውባቸዋል፤ ግን ጨው ከሱቅ እንዳይገዙ «ምን ሊያደርቁበት ነው?» ይባላል። ባሕሩ ተዘግቶ ማን ምን ያደርቃል? ስለዚህ ከእናቴ ማሰሮ በቁንጥር በቁንጥር ነበር የሚወስዱት። የእናቴ ጨው እዚያ ነው ያለው፤ አልበቃም እንጂ። ሣጥኑን ስከፍት ደጃፉ ላይ ነው ያስመለስኩት። ስነሣ አባባ ከኋላዬ ቆመዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ሣጥኑን ማን ክፈቺ አለሽ?»

«ዝንቦቹ።»

ተቀመጡ። «ልቆጣጠር ሄጄ ነበር» አሉ። «ጠባቂ አይደለሁ? ጠባቂ ያያል። ትልቅ ነበር፣ ፊታሂያ። እንዲህ ያለ ካየሁ ስንት ዓመቴ። እጄ...» አሉና እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ተመለከቱት። «እጄ የለመደ ነው።»

«ሰባት ጊዜ?»

«ባሕሩ ሰባት ጊዜ አሳየኝ።»

አየሽ፣ ቤት ከደረሱ በኋላ ነው መሐላው ትዝ ያላቸው። እንዳይበሉት ሆድ ይነፋል። ለእኛ እንዳይሰጡን እኛም መሐላው ውስጥ አለን። ለውሻ እንዳይጥሉት ውሻውን ራሳቸው ጨምረውታል። ወደ ባሕር እንዳይመልሱት የገማ ነገር ለባሕር መስጠት ነውር ነው። እንዳይቀብሩት ውሾቹ ቆፍረው ያወጡታል። የሚሸጡለት ሰው ደግሞ እስከ ነሐሴ 20 አይመጣም። መሐላ አሳምረው ሲያሰሙ ለራሳቸው አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልተዉም።

እስካሁን ያልኩሽ ያስቅ ይሆናል። ከዚህ ወዲያ ያለው አያስቅም።

«አንቺ ልጅ ነሽ» አሉኝ። «መሐላውን ሳሰማ ስምሽን አልጠራሁም። አያቶች ገና በደንብ አያውቁሽም። በቅርጫት አድርገሽ ከአሸዋው ክምር ኋላ ወስደሽ ጣይልኝ። መሐላው ቢይዝ እንኳ አንቺን ቀለል አድርጎ ነው የሚይዝሽ።»

ይህን ሲሉኝ ትከሻዬን ይዘው ነበር፤ እጃቸው ያንን ያንን ይሸታል። ትከሻዬን በአሸዋ ፈተግሁት። ቆዳው ተላጠ፣ ሽታው ግን አለቀቀኝም።

እና ደግሞ ይህን አስቢ። እትዬ ሃሪሶአን «ቅርጫትሽስ?» ሲሏት ሰባቱ ሣጥን ውስጥ ነበሩ። ፍየሏ ስትታረድ ነበሩ። ጉበቱ የዳኛ ድርሻ ነው፤ ጉበቱን ማን እንደበላ ታውቂያለሽ።

ለማንም አልተናገርኩም። ምን ላድርግ?

ፊታሂያ


ቱሊያራ፣ ነሐሴ 5

ፊታሂያ ልጄ፣

አባቴ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለሁ የያዝኩትን ኦክቶፐስ ከእጄ ወስዶ ወደ ጉድጓዱ የመለሰው እሱ ነው። «ተይው፣ ይደግ» አለኝ። ይህን ሥራ የጀመርኩት ያን ቀን ይመስለኛል። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ነው የተኛሁት።

ምን ላድርግ ላልሽኝ፣ ቆዪ።

አሁን ብትናገሪ ላሂኒሪኮ «ጠባቂው ከገባ እኛ ምን ቀረን?» ይላል። በማግስቱ ታንኳ ያለው ሁሉ ቫቱቤ ላይ ነው። አሥራ አምስት ቀን ብቻ ቀርቶታል። ነሐሴ 21 ተናገሪ፤ እኔም ለሽማግሌዎቹ እጽፋለሁ፣ አብረን እንቆማለን። እስከዚያ ግን ዓለቱ ይቅደም። «እትዬ ሃሪሶአስ?» ትይኛለሽ። እሷም ትቆይ።

ሳፋውን አትንኪ። ራሱ ይሸከመው።

አክስትሽ ሶአዛራ


አምፓሲማንጋ፣ ነሐሴ 9

ለተከበሩ የባሕር አማካሪ ለወይዘሮ ሶአዛራ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ።

«እሷም ትቆይ» የሚለውን አባባ ቢሉት ባልገረመኝ ነበር። ሽማግሌ ላሂኒሪኮ ቢሉት ባልገረመኝ ነበር። እርስዎ ሲጽፉት ወረቀቱን አሸተትኩት። መድኃኒት መድኃኒት ይላል። ንጹሕ ቦታ ሆኖ ሌላውን ቆይ ማለት ቀላል ነው።

ለማንም አልተናገርኩም፤ አልናገርምም። ቃሌ ነው፤ በዚህ አይስጉ። ሽማግሌዎቹ ስለ መክፈቻው ቀን ሊነጋገሩ ሐሙስ ይሰበሰባሉ። ሰሞኑን ነፋሱ ሮቃው ሥር አሸዋ እያለበሰ ስለሆነ የሚጠለሉበት ሰፊ ቤት ሲፈልጉ ነበር። እኔ «የአባባ ቤት ሰፊ ነው» ብቻ ነው ያልኩት። ሰፊ ነውና አልዋሸሁም።

አክባሪዎ፣
ፊታሂያ


አምፓሲማንጋ፣ ነሐሴ 23

አክስቴ፣

«እርስዎ» ስላልኩሽ ይቅር በይኝ። «ትቆይ» ስላልሽው ግን እኔ ገና ይቅር አላልኩሽም፤ ስትመጪ እንነጋገራለን።

«ማን ተናገረ?» ብለሽ ጠይቀሻል። መጀመሪያ ማንም። ሐሙስ ዕለት ዘጠኝ ሽማግሌ አባባ ቤት ገብተው ምንጣፉ ላይ ተደረደሩ፤ እኔ ውሃ እቀዳለሁ። አባባ እምቢ እንዳይሉ እንግዳ መመለስ አይችሉም፣ እሺ እንዳይሉ ሣጥኑ ዘጠኝ ሰው ወዳለበት አፉን አዙሯል። አባባ ጀርባቸውን ለሣጥኑ ሰጥተው ፊቱ ተቀመጡ። በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ነፋሱ ተነጋገሩ። ስለ ካሳቫ ተነጋገሩ። ሽማግሌ ላሂኒሪኮ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ አባባን በስማቸው ጠርተው «የፋራላሂ ቤት ይሞቃል» አሉ። አንዱ ሽርጣቸውን አፍንጫቸው ድረስ ስበው ጉንፋን ይዞኛል አሉ፤ ወዲያው ሦስት ሰው ጉንፋን ያዘው። ከሁሉ ያስጠላኝ አንዱ ተነሥተው ስለ ባሕር ንጽሕና ረጅም ንግግር ማድረጋቸው ነው። በየመሐሉ ይተፋሉ። ዘጠኝ ሰው ያውቃል፤ ዘጠኝ ሰው ውሃ ይጠጣል። የምራቃቸውን ኩሬ ነገ የምጠርገው እኔ ነኝ።

ከዚያ እትዬ ሃሪሶአ መጣች። የፍየሏን ቆዳ ልትጠይቅ ነው፤ እኔ አልጠራኋትም። ደፉ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ያዘች።

«ምንድነው እዚህ ቤት የሞተው?»

«አንቺ ሴት፣ የሽማግሌ ቤት ነው» አሏት አንዱ ሽማግሌ።

«የማን ቤት እንደሆነማ አውቃለሁ። የሞተው ምንድነው ነው ያልኩት።» ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። «ለመናገሬ ደግሞ ምን ልትወስዱ ነው? ፍየል የለኝም።»

በመካከላቸው አልፋ፣ አባባን «እስቲ ፈቀቅ ይበሉ» ብላ፣ ክዳኑን አነሣችው።

የሆነውን እንዳንቺ አድርጎ የተነበየ የለም። ሽማግሌ ላሂኒሪኮ «ጠባቂው ከገባ እኛ ምን ቀረን?» አሉ፤ ቃል በቃል፣ ደብዳቤሽን ያነበቡ ነው የሚመስለው። በደጅ የቆሙት ጎረምሶች ወደ ታንኳቸው ሮጡ። በሩ ላይ ሆኜ ሸራ ሲፈቱ አየሁ። አክስቴ፣ ያኔ ፈራሁ። ሁሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ውሃ መቅጃውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ።

አባባ ተነሡ። እንባ የመሰለ ነገር ፊታቸው ላይ ነበር፤ ከሽታው ይሁን ከሌላ አላውቅም።

«አልቀመስኩም» አሉ። «ስሙኝ። ይህ ነገር ቤቴ ከመጣ ሃምሳ ቀን ሊሞላው ነው። አጠገቡ ተኝቼ ነው የከረምኩት። ርቦኝ ያውቃል፤ አልቀመስኩም። ልጥለው ተነሥቼ እጄ አልታዘዝ አለኝ። መሐላውን ያሰማሁት እኔ ነኝ። እኔን እንዲህ አድርጎ ካሰረኝ እናንተን ምን ሊያደርጋችሁ ነው?»

ዘጠኙም ዞረው ሳፋውን አዩ። አንዱ «መሐላው ይሠራል» አሉ ቀስ ብለው። ሌላው ደገሙት። ወሬው ከእኔ ቀድሞ ባሕሩ ዳር ደረሰ፤ ጎረምሶቹ ሸራቸውን ጠቅልለው ታንኳውን ወደ አሸዋው ጎተቱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ መክፈቻው ድረስ ቫቱቤ አጠገብ ያለፈ የለም። እናቶች ልጆቻቸውን ወደዚያ እንኳ እንዳታዩ ይሉ ነበር። አንቺ ሦስት ዓመት ለምነሽ ያላገኘሽውን እምነት አባባ በግማት አገኙት። ሳፋውን ራሳቸው ተሸክመው ከአሸዋው ክምር ኋላ አቃጠሉት፤ እኔ ነፋሱ ወደ እሳቸው በሚነፍስበት በኩል ቆሜ አየሁ።

እና አዎ፣ እስከ ቀኑ ጸና። ነሐሴ 20 ጠዋት ባሕሩ ርቆ ሸሸ። ሴቶቹ ፊታቸውን ቢጫ ተቀብተው፣ ዘንጋቸውን ይዘው፣ እየዘፈኑ ገቡ። እኔ የያዝኩት በአንድ እጅ አልነሣ አለኝ፤ ክንዴ ላይ ተጠምጥሞ እስከ ብብቴ ደረሰ። ሰብሳቢው ማስቀመጫ አጥሮት የረዳቱን መቀመጫ በኦክቶፐስ ሞላው፤ ረዳቱ ጣራ ላይ ሄደ። የአምስቱ መንደር ሽማግሌዎች ቆመው አዩ፤ አምስቱም እንዘጋለን ብለዋል። «ደስ አለሽ?» ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። ለአንድ ሰዓት ያህል፣ አዎ፣ በጣም።

ከዚያ አባባ ለእንግዶቹ ንግግር አደረጉ። አሁን ነገሩ ተቀይሯል። እንደ እሳቸው አባባል ሆን ብለው ነው ያደረጉት። መሐላውን ሊፈትኑ፣ በገዛ ሆዳቸው ላይ፣ ለመንደሩ ሲሉ። ሽማግሌ ላሂኒሪኮ አጠገባቸው ቆመው «እኔም አውቅ ነበር» ይላሉ። አምስቱም መንደሮች መሐላ እንዲያሰሙላቸው አባባን ጠርተዋል፤ እሳቸውም አዲስ ሽርጥ አዝዘዋል። ስትመጪ በአንድ ታንኳ ትዞራላችሁ። አንቺ ስለ ባሕሩ ትጠይቂያለሽ፣ እሳቸው ስለ ራሳቸው ይመልሳሉ።

የእትዬ ሃሪሶአን ነገር «ጉዳዩ በመሐላው ተዘግቷል» ብለው ፈረዱ። ቆዳውን ሰጧት። ብል በልቶታል።

አባባ ሁለት ፍየል አላቸው። ትናንት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በመንደሩ መካከል አድርጌ አንዷን ጎትቼ እትዬ ሃሪሶአ ደጃፍ አሰርኳት።

«ማን ሰጠሽ?» አለችኝ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ሌባ ነሽ» አለች። ገመዱን ግን ደግማ አጠበቀችው።

ዓርብ ሮቃው ሥር ተጠርቻለሁ። ዳኛው አባባ ናቸው። እናቴ «ልጅ ነኝ፣ ተሳስቼ ነው በያቸው» ትለኛለች። አንቺ ምን እንደምትመክሪኝ አልጠይቅሽም፤ ደብዳቤሽ ከዓርብ በፊት አይደርስም። «ፍየሏን ወስደሻል?» ይሉኛል። «አዎ፣ ወስጃለሁ» እላቸዋለሁ። ባሕሩ ከተዘጋ ጀምሮ ያንን ቃል እዚያ ቆሞ የተናገረ ሽማግሌ የለም፤ ሲሰሙት ፊታቸው ምን እንደሚሆን ማየት እፈልጋለሁ።

ፊታሂያ